አንድ ፊት አንድ ጊዜ

«ነገ በጠዋት ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፤ የእማዬን ፀጉር ትሠሪያለሽ» ብሏት ነበር ታላቅ ወንድሟ በስልክ። እማዬ ከተቀበረች ሦስት ወር አልፏታል።  ሌላ ሰው ቢሆን «አብደሃል እንዴ?» ይል ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ ግን ቤተሰቧን ስለምታውቅ የጠየቀችው ስለ ቀለሙ ብቻ ነው። «ያኔ ፎቶው ላይ ያለው ዓይነት ይሁን። ፊቷንም ትንሽ ታድሽዋለሽ» አላት። በማግሥቱ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ቢጎዲንና የፊት ቅባት ቦርሳዋ ውስጥ አጭቃ ሱቋን ስትዘጋ አንዲት ደንበኛ በር ላይ ደረሰችባት። «ከሰዓት በኋላ ነይ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» ብላ መለሰቻት። የቤተሰብ ጉዳይ ስትል አፏን መረራት።

ቤት ስትደርስ ሳሎኑ የምታውቀው ሳሎን አልነበረም። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ መጋረጃው ወርዷል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረውን ቦታ ሁሉ ነጭ ነጭ አድርጎ ያሳያል። ታላቅ እኅቷ እትዬ ቡፌው ፊት ተንበርክካ ብርጭቆ በብርጭቆ እያወጣች በጥፍሯ ኳ ታደርግና ታዳምጣለች። ጥሩ ድምፅ የሰጠው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ እሷ ካርቶን ይገባል፤ ድምፁ ያልጣማት መሬት ላይ ይቀራል። ወንድማቸው ጋሼ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወዲያ ወዲህ ይላል። መኪና ደላላ ነው፤ ሰው ሲያይ እንኳ ስንት ያወጣል የሚል ዓይን አለው። በሳሎኑ መሀል፣ በቀረችው አንዲት ወንበር ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎባት የተቀመጠችው እታለም ናት፤ የእናታቸው ታናሽ እኅት። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም። እናታቸው ሥራ ስትውል ሦስቱንም ያጠበች፣ ያበላች፣ ትምህርት ቤት ያደረሰች እሷ ናት፤ ኋላም እናታቸው ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲላት አልጋ ላይ ያገላበጠቻት እሷው ናት። የምትኖረው ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ነው፤ ከዚያች ክፍል ሌላ በዚህች ዓለም ላይ መግቢያ የላትም። «ሚጣዬ መጣሽልኝ?» አለች ፀጉር ሠሪዋን ስታይ። ሚጣ ጎልምሳም ለእሷ ያው ሚጣ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የቤት ማኅደር መሬት አስተዳደር መደርደሪያ ላይ ይተኛ ነበር፤ እጁን የዘረጋ ያገኘዋል፣ ያልዘረጋ ይጠፋበታል፤ የጠፋው ደግሞ በሌላ ሰው ስም ብቅ ይላል። ይኼ ይብቃ ተብሎ ቤት ሁሉ ብሎክቼይን በሚሉት ነገር ተመዘገበ። ሰው «ሰንሰለቱ» ይለዋል። መዝገቡ አንድ ቢሮ ውስጥ መቀመጡ ቀርቶ በብዙ ቦታ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከቀደመው ጋር ስለሚያያዝ አንዱን ፍቆ ሌላውን መተው አይቻልም። ባለሥልጣንም ይሁን ሌባ አንዴ የገባውን አያወጣውም። ጥሩ ነገር ነበር። የሚጠይቀው ባለቤቱ ፊቱን ለካሜራ እንዲያሳይ ብቻ ነው፤ ፊቱ ፊርማው ይሆናል። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ እዚህም መጡ። እናትየው ያን ጊዜ ግማሽ ፊቷ ተጣሞ፣ አንድ ዓይኗ አልገለጥ ብሎ አልጋ ላይ ነበረች፤ ካሜራው ደጋግሞ አልቀበል አላት። መዝጋቢው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ጋሼ ሳቅ ብሎ ወደ ጓሮ «እታለም፣ እስቲ አንዴ ብቅ በይ!» ብሎ ተጣራ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ «እዚህች ጋ ተመልከቺ» አሏት፤ ተመለከተች፤ አረንጓዴ በራ። በእናትየው ስም የእኅቷ ፊት ገባ። መዝጋቢው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሁሉም ሳቀ፤ በሽተኛዋም በግማሽ አፏ ሳቀች። ማንም እንዳይዋሽ ተብሎ ያን ያህል የተደከመበትን ነገር በመጀመሪያው ቀን ውሸት አጎረሱት፤ እሱም ታማኝ ነውና ውሸቱን እንዳይበላሽ አድርጎ አስቀመጠላቸው።

እናትየው ስትሞት ጋሼ ለሰንሰለቱ ሳይነግረው ቀረ። ቤት ሲወረስ ፍርድ ቤት አለ፣ ግምት አለ፣ ግብር አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እታለም አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ክፍል ዳኛ ዝም ብሎ አያስለቅቃትም። እናትየው ራሷ በሕይወት እያለች ብትሸጥ ግን ይኼ ሁሉ ጣጣ የለም። ሰንሰለቱ ላይ ደግሞ በሕይወት አለች፤ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። አንድ እንከን ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጋሼ በስልኩ ሲሞክረው ፊቷን አላውቅም አለው፤ እታለም በማስታመሙና በሐዘኑ ከስታ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ ሌላ ሰው ሆናለች። ስለዚህ ፀጉር ሠሪ አስፈለገ፤ ለዚህ ቤት ደግሞ ፀጉር ሠሪ በነፃ ነው።

«ለምን እንደሆነ ነገሩሽ?» አለች ሚጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀለሙን ከሥር ከሥሩ እየቀባች።

«ማደሻ ነው አሉኝ። የቤቱ ወረቀት በየጊዜው ይታደሳል አሉ አይደል? እሷ ስለሌለች እኔ ልታይላቸው።» ዓይኗን ጨፈነች። «ይቀዘቅዛል ልጄ፣ ግን ደስ ይላል። ራሴን ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜዬ! እንዳትድሪኝ ብቻ።»

 «ማደሻ አይደለም፣ ሽያጭ ነው፤ ክፍልሽን እየሸጡብሽ ነው» የሚለው የሚጣ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም። የሱቋ አከራይ ኪራይ ጨምሯል፤ ማታ ማታ የምትተኛው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የሻምፖ ካርቶን መሀል በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ነው። የዚህ ቤት ሲሶ ለእሷ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ ከድርሻዬ መጀመሪያ ለእታለም ንጹሕ ክፍል እከራይላታለሁ፣ ከእነዚህ ጋር ከምትቆዝም ከእኔ ጎን ብትሆን ይሻላታል፣ እያለች ጠዋቱን ሙሉ ለራሷ ስታወራ ነበር። ወሬው ያማረ ነው። ቢሆንም ቀለሙን ስታጥብ የእታለም ስስ ፀጉር በጣቶቿ መሀል ሲቀር ወሬው ተቋረጠባት።

ሚጣ የእታለምን ፊት መሥራት ስትጀምር እትዬ ብርጭቆዋን ትታ መጣች። ስልኳ ላይ ያለውን የምዝገባውን ቀን ፎቶ ከእታለም ጉንጭ አጠገብ ይዛ አስተያየች። «አልሞላም። ፎቶው ላይ ሞላ ያለ ነው» አለች። ቀጥላም፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ጥጥ አፏ ውስጥ ብናደርግስ?» አለች። ጥጥ አፍ ውስጥ የሚደረገው ለማን እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሚጣ ብሩሹ በእጇ ቀርቶ አየቻት። ጋሼ ጉዳዩን አሰበበትና «አይሆንም፣ ስታወራ ይወድቃል» አለ። የተወው ለዚህ ብቻ ነው። እታለም ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት እንደሆነ፣ ወይም ቀልድ እንዲሆን ፈልጋ፣ አይታወቅም። ሚጣ ጉንጯን በቅባት ጥላ ሰጥታ ሞላችው፤ ቅንድቧን አጠቆረችው፤ ከአንገቷ ላይ የፈሰሰውን ቀለም በእርጥብ ፎጣ ጠረገችላት። ጋሼ ስልኩን አነጣጠረ። «ተመሳስሏል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ እትዬ አጨበጨበች፤ ጋሼም «እጅሽ ይባረክ ሚጣ!» አለ። እንዲህ አመስግኗት አያውቅም።

ሽያጩ የሚፈጸምበት ቢሮ አዲስ መስታወት ሕንፃ ላይ ነው። ምንጣፉ ገና የሙጫ ሽታው አልለቀቀውም፤ ጥግ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ ቆሟል፣ መጠጫው ግን የለም። ገዢው ቀድሟቸው ደርሷል፤ ሁለት ነዳጅ ማደያ ያለው፣ ሽቶው ከሱ በፊት እጁን የሚዘረጋ ሰው። «እንደምን ነዎት እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ እታለምን ሳመና መልሷን ሳይሰማ ከጋሼ ጋር የሲሚንቶ ዋጋ ጀመረ። የአንዱ ከረጢት ዋጋ፣ የብረቱ ዋጋ፣ የዚያ ሰፈር መሬት በካሬ ስንት እንደገባ። እነሱ እያወሩ እታለም መጠጫ ወደሌለው ማቀዝቀዣ ትመለከታለች። ተራቸው ደርሶ ጸሐፊዋ ፊት ሲቀመጡ ገዢው ለካሜራው ፊቱን ሰጥቶ፣ «ያኔ ስመዘገብ ወፍራም ነበርኩ፤ ደግሜ ልመዝገብ እንዴ?» ብሎ ተጫወተ። ጸሐፊዋ ጨዋታ የምትወድ አይደለችም። «አይቻልም። አንድ ፊት አንድ ጊዜ ነው የሚመዘገበው። ከዚያ በኋላ ሰውየው እሱ ነው» አለችው።

ከዚያ ካሜራውን ወደ እታለም አዙራ የሟችን ሙሉ ስም እስከ አያት ጠራች። «አቤት» አለች እታለም። መኪና ውስጥ አስጠንተዋት ነበር። አረንጓዴው በራ።

«ቤትዎን ለእኚህ ሰው የሚሸጡት በራስዎ ፈቃድ ነው?»

እታለም የተጠየቀችውን በአፏ ውስጥ ደገመችው። «የምሸጠው?» አለች። ጋሼን አየችው፤ የካሜራውን ሽቦ ያስተካክል ጀመር። እትዬን አየቻት፤ እትዬ የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቶባታል። መጨረሻ ላይ ሚጣን አየች፤ ሚጣ ወለሉን አየች። «ሸጬስ የት ነው የምገባው?» አለች ለጸሐፊዋ፣ ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስላጣች።

«እሱን ሲስተሙ አይጠይቅም እማማ። አዎ ወይ አይ ነው የሚለው።»

ጋሼ ያን ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቧ ተንበረከከና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ጋ ነዋ እማዬ!» አለ ገዢውም ጸሐፊዋም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ልጅሽ እያለሁ የት እገባለሁ ይባላል?» እማዬ ብሏት አያውቅም። ሕፃን ሳለ አንድ ቀን ተሳስቶ ብሏት፣ እናትየው «እናትህ እኔ ነኝ፣ እሷ አክስትህ ናት» ብላ በሰው ፊት አርማዋለች፤ እታለምም ድስቱ እንዳያር ብላ ወደ ማድ ቤት ገብታ ቆይታ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ማንም ደግሞ አልተሳሳተም። አሁን በሙጫ ሽታ መሀል፣ የገዢው ሽቶ ላያቸው ላይ እያንዣበበ፣ ጎልማሳው ሰውዬ እማዬ አላት፤ በክፍሏ ልዋጭ። እታለም እጇን ከእጁ ሳታወጣ፣ ካሜራውን ሳይሆን እሱን እያየች፣ «በፈቃዴ ነው» አለች። 

ኮሪደሩ ላይ ገዢው ሁሉንም እየዞረ ጨበጠ። «ቅዳሜ ማፍረስ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ ከጓሮው ነው» አለ። እታለም መፀዳጃ ቤት ገብታ አልሰማችም። ጋሼ እኅቶቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋቸውና ስልኩን አወጣ። ገንዘቡ የገባው በእናትየው ስም ነው፤ በወጣ ቁጥር የእታለምን ፊት ይጠይቃል። ግን መላ አለው። ቤት ሲወረስ ነው ጣጣው፤ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ሦስቱም ልጆች የእናታቸውን ሞት በስልካቸው ካረጋገጡ፣ ሰንሰለቱ ራሱ እኩል ከፍሎ ለየስልካቸው ይልካል። የሐኪም ወረቀት አይጠይቅ፣ ቀን አይጠይቅ፤ ልጅ በእናቱ ሞት አይዋሽም ብለው ይሆናል የሠሩት። «እስኪጸድቅ አንድ ሁለት ሰዓት ነው» አለ። እሱ ነካ፤ እትዬ ነካች። የሚጣ ስልክ ላይ «የእናትዎን ሞት ያረጋግጣሉ?» የሚል መጣ። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ከተባለው ሁሉ እውነት ይኸው ብቻ ነው ብላ አሰበች። በዚያ ላይ ለእታለም ክፍል ቀብድ የሚሆን ከዚህ ሌላ ከየት ይመጣል? ነካችው። የማን ፊት እንደሚዘጋ አላሰበችም። ጋሼም አላሰበም፤ እሱስ ቢያስብም ይነካው ነበር።

መኪናው ውስጥ ጋሼ መስታወቱን እያየ፣ «ለጊዜው እትዬ ጋ ብትሆን ይሻላል፤ እኔ ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ሽታው ለደረቷ ጥሩ አይደለም» አለ። እትዬም ወዲያው፣ «ውይ ደስ ባለኝ! ግን ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፤ ባሌን ደግሞ ታውቀዋለህ» አለች። ስለ እታለም የሚያወሩት እንደ ተጫነ ዕቃ ነው፤ እሷ ደግሞ ከኋላቸው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። «ፈተናውስ መቼ ያልቃል?» አለ ጋሼ። «ይቆያል» አለች እትዬ።  ከጆሮዋ ሥር የቀረ የቀለም ጠብታ የእታለምን ኮሌታ አጥቁሮታል፤ ሚጣ ከሁሉ ነገር ይልቅ እሱን ማየት አቃታት። «አቁም፤ እዚህ እንወርዳለን» አለች። ጋሼ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ መኪናውን ጠርዝ አስይዞ አቆመ፤ ሲሄድም ጥሩምባ ነፍቶ ተሰናበታቸው።

ከሱቋ ጀርባ ባለው ግቢ ባዶ ክፍል እንዳለ ሚጣ ካወቀች ሰንብታለች። የግቢው ባለቤት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠንቃቃና ንግግሯ ቀጥ ያለ ሴት ናት። ክፍሉን አሳየቻቸው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ እርጥበት የጠጣ፣ መስኮቱ ከጎረቤት አጥር ጋር አፍ ለአፍ የገጠመ። ለዚህ የጠራችው ዋጋ የሚጣን ሱቅ ኪራይ ግማሽ ይሆናል። «ውሃ ማታ ማታ ይመጣል፤ መብራት በቆጣሪ ለየብቻ ነው» አለች። እታለም ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ከቅርብ እስከ ሩቅ አየችው። «ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። አልጋዬን እዚህ፣ ማብሰያዬን እዚያ። ይበቃኛል ሚጣዬ፤ አንቺም እዚሁ ነሽ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረድ አለ። ሚጣም ይኸው፣ እንዳልኩት አደረግኩ፣ አለች በሆዷ።

«እንግዲህ ፊትዎን ላንሣና እንጨርስ» አለች የግቢው ባለቤት ስልኳን አውጥታ። «ኪራይም ሰንሰለቱ ላይ ካልገባ ይቀጡናል።»

«መታወቂያ ይዣለሁ» ብላ እታለም ከቦርሳዋ አወጣች።

«እሱን አይፈልጉትም አሁን፤ ፊት ብቻ ነው።» ስልኩን አነጣጠረች። ቆየ። መነጽሯን አደረገችና ጽሑፉን አንዴ ለራሷ አነበበች፤ ከዚያ መታወቂያውን ተቀብላ አስተያየች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ የማን ስም ነው?» ብላ ስልኩ ላይ ያለውን ጮክ ብላ አነበበች።

«የእኅቴ ነው።»

«ፊቱ ግን የእርስዎ ነው። እኅትዎን ምን አመጣት?»

ሚጣ «እኔ ላስረዳሽ፣ ምዝገባው ላይ ስሕተት ነበር…» ብላ ጀመረች። ሴትየዋ ግን አልሰማቻትም፤ ከስሙ ሥር ያለውን ቀይ መስመር በጣቷ እየተከተለች ነበር። የሚጣ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሳታየው ምን እንደሆነ ገባት፤ ገንዘቡ ገባ ማለት ነው፤ ጸደቀ ማለት ነው። እርጥቡን ግድግዳ ተደገፈች። አንድ ፊት አንድ ጊዜ፣ ብላ ነበር ያቺ ጸሐፊ። ይኼ ፊት ከእንግዲህ በዚህች ከተማ ክፍል አይከራይም፣ አልጋ አይዝም።

«ሟች ናት ይላል» አለች ባለቤቷ ከስልኩ ወደ እታለም፣ ከእታለም ወደ ስልኩ እያየች። «ዛሬ ነው የተመዘገበው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አልገባም፤ ግቢዬን ያሽጉብኛል።» ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አወረደችው። «በሦስት ልጆቿ የተረጋገጠ።»

እታለም ወደ ሚጣ ዞረች።  ሚጣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ በእጇ ሸፈነችው።

«ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም» አለች ባለቤቷ መታወቂያውን እየመለሰች፣ ድምፅዋ ትንሽ ራርቶ። «ያረጋገጡት ልጆችዎ ናቸው፤ ልጆችዎን ይጠይቁ።»

እታለም መታወቂያዋን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

«እኔ ልጅ የለኝም» አለች።